በሰው ጥጥ ላይ የምትተኛ ልጅ

ጓደኛዬ እንቅልፋም ናት። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ ራሷም ብትሰማኝ አዛግታ «እውነቷን ነው» ነው የምትለው። ከምሳ በኋላ ፊት ለፊታችሁ ቆማ ስታወራችሁ ካያችኋት እንዳትሸወዱ። ዐይኗ ተከፍቶ ይቀራል እንጂ እሷ ሄዳለች። የሰፈሩ ሰው ሸለብታ ነው የሚላት፤ አባቷም ቢሆኑ በሌላ ስም ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ክብሪት ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ የሸለብታ አባት ናቸው። ፍራሽ ቤታቸው ተቀጥሬ ገና ወንበሬ ሳይሞቅ ከአንዲት ደንበኛ ጋር በክር ቀለም ተጣላሁና ሴትዮዋን ከነፍራሿ ላስወጣት ስል ደረሱብኝ። «ወይ ጉዴ! ጥጥ ቤት ውስጥ ክብሪት ቀጥሬ አረፍኩት!» አሉና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ማንም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። እኔም ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው።

የምንሠራው አንድ አሮጌ ፎቅ ሥር ነው። አንድ ረጅም ክፍል፣ መንገዱን የሚያይ መስኮት፣ ከጓሮ በኩል ደግሞ አባትና ልጅ የሚኖሩባት ጠባብ ቤት አለች። የሰው ፍራሽ ደድሮ፣ መሃሉ ጎድጉዶ ወገብ ማሳመም ሲጀምር ወደ እኛ ይመጣል። ሸለብታ ስፌቱን ተርትራ ጥጡን ትዘረግፈዋለች፤ ቋጠሮ ቋጠሮውን በጣቷ ትፈታታዋለች። ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። ሲወርድ ጋሼ በደጋን ይነድፉታል። ደጋኑ ከቁመታቸው ይበልጣል። ጅማቱን በእንጨት መዶሻ ሲመቱት ዝንንን ይላል፣ የደደረውም ጥጥ ብድግ ብሎ አየር ላይ ይንሳፈፋል። በዚያ ሰዓት ክፍሉ ነጭ በነጭ ይሆናል። መንገድ ላይ የሚጮኸው መኪና እንኳ ከሌላ ከተማ የሚሰማ ይመስላል፤ ጥጡ ቀስ እያለ ቅንድባችን ላይ ያርፋል። በመጨረሻ እኔ አዲስ ልብስ ሰፍቼ አለብሰዋለሁ፣ በረጅሙ የፍራሽ መርፌም ዳር ዳሩንና መሃሉን እወጋጋዋለሁ።

ሸለብታ የምትተኛው እንግዲህ እዚህ ነው። በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ጥጥ ላይ።

ፍራሹን ዘርግፋ፣ ገና ደጋን ሳይነካው፣ ክምሩ ላይ ጋደም ትላለች። መጀመሪያ ላይ ስንፍና መስሎኝ ደሜ ይፈላ ነበር። አንድ ቀን በእግሬ ጎሸም አድርጌ «ምነው፣ የተቀጠርነው ለእንቅልፍ ነው እንዴ?» ስላት፣ ዐይኗን ሳትገልጥ «ዳቦ ጋጋሪው እየበረረ ነው» አለችኝ።

«ማን?»

«የዚህ ፍራሽ ባለቤት። በውስጥ ሱሪው ገበያው ላይ ይበርራል። ክንፍ የለውም፤ በሆዱ ነው የሚንሳፈፈው። ደስ ብሎታል፣ አትቀስቅሺኝ።»

አበደች ብዬ ተውኳት። ዳቦ ጋጋሪው ከሚስቱ ጋር ፍራሹን ሊወስድ ሲመጣ ግን አላስችል አለኝና «ጌታዬ፣ ሰሞኑን በህልምዎ በረራ ጀመሩ አሉ?» አልኩት። ሰውዬው ክው አለ። ዞሮ ሚስቱን ገላመጣት። «አንቺ ነሻ! ለሰፈሩ ሁሉ ነገርሽው?» ምስኪኗ ሴትዮ እየማለች፣ እሱ እየተቆጣ፣ ፍራሹን በመሃላቸው ተሸክመው ወጡ። እኔና ሸለብታ ጥጡ ላይ ተንከባልለን ሳቅን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው የሚያልመው ህልም ጥጡ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ያለመው ደግሞ ይበልጥ ይቀራል። ሸለብታ ከተኛችበት ታየዋለች፤ በባለቤቱ ዐይን፣ በባለቤቱ እጅና እግር። ደጋን የነካው ጥጥ ግን ምንም የለውም። ዝንንን ሲል ህልሙ ሁሉ ብትንትኑ ይወጣና በመስኮት ይሄዳል። ለዚህ ነው ሰው በታደሰ ፍራሽ ላይ የመጀመሪያውን ቀን ያለ ህልም ድብን ብሎ የሚተኛው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለጋሼ አልነገርንም። ማለቴ እኔ አልነገርኩም፤ እሷም የነገረቻቸው አይመስለኝም ነበር።

አሁን ስለ መቃ ልንገራችሁ። መቃ በጋሪ ፍራሽ የሚያመላልስልን ልጅ ነው። መቃ የተባለው ቀጥኖ ቀጥኖ፣ ረዝሞ ረዝሞ ማለቂያ ስለሌለው ነው። በራችን ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ከገባ በኋላም ጎንበስ እንዳለ ይቀራል፤ ሸለብታ አጭር ናታ። የሁለቱን ነገር ያወቅኩት በምን መሰላችሁ? እሱ ሲመጣ ትነቃለች። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ማስረጃ ያለው ሰው ያምጣ።

አንድ ቀን ከቅንድቧ ላይ ጥጥ አነሳላት። ጥጡን አልጣለውም፤ አየት አደረገውና ኪሱ ከተተው። እኔ ማሽኔን አቁሜ አፌን ከፍቼ ሳያቸው «ምን አገባሽ፣ ስፊ!» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጣሪያ ላይ የተሰጣውን ጥጥ ለማገላበጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል ተባለ። እኔ ብቻዬን ሳገላብጠው ኖሬ! ከላይ ሳቃቸው በደረጃው ይወርዳል፣ እኔ ከታች መርፌዬን እየወጋሁ «እሰይ፣ ይበላችሁ» እላለሁ። ቀናሁ? አዎ፣ ትንሽ።

ከእኛ ቀጥሎ ባለችው ሱቅ ሰዓት የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ። የጋሼ የልብ ወዳጅ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ላይ ወጥተው ዳማ ይጫወታሉ፣ ሳይጣሉ የወረዱበት ቀን የለም። አንዱ «አጭበረበርክ!» ሲል ሌላው «አንተ ሰው፣ ሲጋራህን አጥፋ!» ይላል። ጥጥ በተሰጣበት ጣሪያ ላይ ሲጋራ! ጋሼ እሳት አይወዱም። የሸለብታ እናት የሞተችው የድሮው ፍራሽ ቤታቸው ሲቃጠል ነው። ሸለብታ ያኔ እናቷን እንኳ የማታስታውስ ሕፃን ነበረች። ሰዓት ሠሪው ይህን እያወቁ ያጨሳሉ፤ ክፋት ሳይሆን ልማድ ሆኖባቸው ነው።

እኚሁ ሽማግሌ አንድ ቀን ሸለብታንና መቃን ጣሪያው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው አዩና ለጋሼ ነገሩ። ጋሼ አልተቆጡም፤ መቃ ግን በነገሩ ጦፈ። የሰዓት ሠሪው ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ወሬኛ! ቆይ ብቻ፣ አሳይዎታለሁ!» አለ። አሳይሃለሁ ያልተባባለ ሰው እስቲ በዚህ ከተማ ይፈለግ! በማግስቱ ሰዓት ሠሪው ከፎቁ ጀርባ ወድቀው ሞተው ተገኙ። ጣሪያችን መከለያ የለውም። ፖሊሶች ላይ ሲወጡ መቃ ፍራሽ ጋሪው ላይ የሚያስርበትን ገመድ አገኙ። ገመዱ ሁሌም እዚያ ነው የሚቀመጠው ብዬ ጮህኩ፣ ማን ይስማኝ። ጋሼም ሲጠየቁ «ጨርቅ ልገዛ ወጥቼ ነበር» አሉ። መቃን ወሰዱት።

ጋሼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አልሆኑም። ደጋኑን ይመቱታል፣ ድምፁ ግን የድሮው አይደለም። ዳማውን ሰብስበው አልጋቸው ሥር ከተቱት። ወዳጃቸው ሞቶባቸው ነው አልን፤ ምን እንበል ታዲያ?

ሸለብታም እንቅልፍ አጣች። ምሳ ዕቃ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች፣ በሽቦው በኩል አይታው ትመለሳለች። «ምን አለሽ?» ስላት «አልነካኋቸውም አለኝ» ትላለች፣ ደግማ ደጋግማ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። መርማሪው ልጁ አመነም አላመነም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል ብሏታል። ፍርድ ቤት ከሄደ ደግሞ መቃ ወጣትነቱን እዚያው ጨርሶ ይወጣል፤ ከወጣ ነው።

አንድ ጠዋት የመቃ እናት የልጃቸውን ፍራሽ በሰው አስይዘው መጡ። «አድሱልኝ» አሉ። «ሲፈታ ደልቶት ይተኛ።» ሲፈታ እንጂ ከተፈታ አላሉም። እኔ፣ እንባ የማላውቀው ሴት፣ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ።

ሸለብታ ወደ ጓሮ ጎትታ ወሰደችኝ። «እተኛበታለሁ» አለችኝ። «ንፁህ መሆኑን በገዛ ዐይኔ አያለሁ።»

«ከዚያስ? ፖሊስ ህልም በምስክርነት ይቀበላል?»

«ፖሊስ ባይቀበለኝ እኔ እቀበለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ቢለኝ ከጣቢያው በር አልነቃነቅም።»

ስፌቱን ተርትራ ለአባቷ «ጣቢያ ደርሼ ልምጣ፣ እስክመለስ አይነካ» ብላ ወጣች። ወዲያው ጋሼ እኔን ክር እንድገዛ ላኩኝ። ክር ሞልቶናል፤ ቢሆንም ወጥቼ መንገዱን ዞር ዞር አልኩበት። ስመለስ እሳቸው ጣሪያ ላይ ናቸው። የመቃ ፍራሽ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ አንደኛው ጫፉ ክፍት ነው፣ ከላይ ጥጥ ተከምሮበታል። ሸለብታ መጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ክምሩ ላይ ጥቅልል ብላ ተኛች። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ እግሯ ላይ ተቀመጠች። እኔ እንዳልቀሰቅሳት ማሽኑን በእጄ ቀስ እያልኩ ማሽከርከር ጀመርኩ። ፊቷ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቆይቶ ግን እጇ ተነሳ፣ አየሩን ገፋ፣ እሷም ጮኻ ተነሳች።

«ምን አየሽ?»

«ገፋቸው።»

«ማን?»

«እኔ… እሱ። እጁ እጄ ነበር። ‹አጥፋው!› ብሎ ደረታቸውን ገፋቸው፣ እሳቸውም ወደ ኋላ ሄዱ። መጀመሪያ ሲጋራው ወደቀ። ከዚያ እሳቸው።» ከንፈሯ ነጣ። «ዋሽቶኛል፣ ክብሪት።»

ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም። ልጠይቅ ይገባኝ ነበር፤ ግን ፊቷን ብታዩት እናንተም ዝም ትሉ ነበር። በማግስቱ ምሳ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ቀረ። ከዚያም በኋላ ቀረ። ለማንም አልተናገረችም፤ አልከሰሰችውም፣ አልተከላከለችለትም። ጥጥ ስትፈታታ ትውላለች፣ ከምሳ በኋላም ፈጽሞ አትተኛም።

ጋሼ ይህን ሁሉ ያያሉ። አንዳንዴ ደጋኑን አቁመው ትክ ብለው ያዩዋታል፣ የሆነ ነገር የምትላቸው ይመስል። እሷ አንገቷን እንደ ደፋች ነው። እሳቸውም ይመለሱና ይመታሉ።

ከላይ የተከመረውን ጥጥ ወደ ውስጥ ከትቼ ፍራሹን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እጄን አስገብቼ ጥጡን ሳስተካክል ከሥር ያለው እንደ አረፋ ለስልሷል፣ ከላይ ያለው ግን እንዳለ ደድሯል። ጋሼ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተው አያውቁም። አረጁ ማለት ነው ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩና ሰፋሁት። ደግሞ ስወጋው መርፌዬ አልወጣ አለኝ፤ ከመጣበት ይልቅ ወፍሯል።

የመቃ እናት ሊወስዱት መጡ። ፍራሹን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና መረቁን፤ ቀጥለው ሸለብታን ፈለጉ። ከጥጡ ክምር ኋላ ተደብቃ ነበር።

«ልጄ» አሉ ወደ ክምሩ እያዩ፣ «ምን አደረገሽ? ምግብ ይዤለት ስሄድ የሚጠይቀኝ ስላንቺ ብቻ ነው። ታማለች ብዬዋለሁ። እስከ መቼ ታማለች ልበለው?»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

በዚህ ጊዜ ተቃጠልኩ። ስሜም ይኸው አይደል! ከክምሩ ኋላ ጎትቼ አወጣኋት። «ህልም ነው እኮ! ህልም! እኔ ስንቱን ደንበኛ በህልሜ አንቄያለሁ፣ ልታሰር እንዴ? እስቲ ሙሉውን ንገሪኝ፣ ከመጀመሪያው። ስትተኚ ፈገግ ብለሽ ነበር፣ ምን አይተሽ ነው?»

«ምንም። አንዲት ሕፃን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ይሮጣል። ትስቃለች። ፀጉሩን ይዛ ‹ፈረሴ!› ትለዋለች። በጣም ይወዳታል፣ ክብሪት፤ ደረቱ ሊፈነዳ እስኪደርስ ነው የሚወዳት። እህቱ ትሆናለች።»

«መቃ እህት የለውም።»

«እንጃ፣ የዘመድ ልጅ ትሆናለች።»

«ምን ትመስላለች?»

«ፊቷ አይታይም፣ ትከሻ ላይ ናታ። እጅጌዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሰማያዊ ሰረዝ ያለበት ወፍራም ኮት።» ግንባሯን ቋጠረች። «እንደ እኛ ጨርቅ።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለሕፃን ልጅ ከፍራሽ ጨርቅ ኮት የሚሰፋ ሰው በዓለም ላይ የት አለ? ጨርቁ ሸካራ ነው፤ አንገት ይልጣል። ሌላ ጨርቅ ካላጣ፣ ወይም ቤት ተቃጥሎበት የቀረው እሱ ብቻ ካልሆነ በቀር ማንም አያደርገውም። ይህን እያሰብኩ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ እንዳልኩም ተነሳሁ።

ወንበሬ ይቆረቁራል። ሥራ የጀመርኩ ጊዜ ጋሼ ከሣጥን ውስጥ አሮጌ ጨርቅ አውጥተው አጣጥፈው «ይኸው መከዳ» ብለው ሰጥተውኛል። ይኸው እስከ ዛሬ እቀመጥበታለሁ፤ ፈትቼ አይቼው አላውቅም። አነሳሁት። ዘረጋሁት። ሁለት አጫጭር እጅጌ፣ ሦስት ትላልቅ ቁልፍ፣ ሰማያዊ ሰረዝ።

ሸለብታ ከእጄ ወሰደችው።

«የኔ ነው» አለች። «አባባ ነው የሰፋልኝ።»

ያን ጊዜ እጄ የዳሰሰው የፍራሹ ጥጥ ትዝ አለኝ። ከሥር የለሰለሰው፣ ከላይ የደደረው። የመቃ ጥጥ ተነድፎ ነበር፤ የመቃ ህልም ሸለብታ ከጣቢያ ሳትመለስ በመስኮት ወጥቶ ሄዷል። የተኛችው የሌላ ሰው ጥጥ ላይ ነው። ነገርኳት፤ አፌ እየተያያዘ ነገርኳት። እሷም ወደ ጓሮ ቤት ገባች፣ ተከተልኳት። የአባቷን አልጋ አንሶላ ገለጠች። የፍራሹ ልብስ አለ፤ ውስጡ ግን ጥጥ የለም። ጋሼ ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት አጣጥፈው ሞልተውበት በዚያ ላይ ነበር የሚያድሩት። ፍራሽ ሠሪው! የሰውን ሁሉ ወገብ የሚያሳርፉት ሰው!

ጣሪያው ላይ አገኘናቸው። የተሰጣውን ጥጥ እያገላበጡ ነበር፤ ነፋሱ ቀለል ያለውን እያነሳ ዙሪያቸውን ያዞረዋል። ሸለብታ ኮቱን ይዛ ቆመች። ጋሼ መጀመሪያ ኮቱን አዩ፣ ከዚያ እሷን። እውነቱን ልናገር? ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም፤ ሸክም ያወረደ ሰው ነው የመሰሉኝ።

«አባባ» አለች፣ «ጥጡ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ለምን ለሱ ሞላህለት?»

ጋሼ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ሲጋራውን ጥጡ ላይ አራገፈው» አሉ። «አጥፋው አልኩት፣ ሳቀብኝ። ጭስ ወጣ። ትንሽ ጭስ ነው፣ በእግሬ ረግጬ ባጠፋሁት። እኔ ግን እናትሽን አየሁ። ገፋሁት። ገፋ ነው ያደረግኩት ልጄ፤ መከለያ እንደሌለ እንኳ ረሳሁት። ዐርባ ዓመት ሙሉ አብሬው የኖርኩትን ሰው! ወርጄ እናገራለሁ ብዬ ደረጃው ላይ ደረስኩ። ከዚያ አንቺ ታሰብሽኝ። እናት የለሽም። እኔም ከሄድኩ ማን አለሽ ብዬ ዋሸሁ። በኔ ፈንታ ልጁን ሲይዙት አፌ እምቢ አለኝ።»

«እኔ ግን እሱን ጠረጠርኩት! ይኸን ሁሉ ቀን!»

«አይቻለሁ። አንቺ አባትሽን አይተሽ ዝም ያልሽ መስሎኝ ነበር።» ቀና ብለው አዩዋት። «ሸለብታ፣ ትንሽ ልጅ ሆነሽ ጎኔ ስትተኚ ጠዋት ጠዋት ህልሜን ትነግሪኝ ነበር። ከኔ በፊት ነቅተሽ፣ ‹አባባ፣ እሳቱ ዛሬም መጣ አይደል?› ትይኝ ነበር። የማላውቅ መሰለሽ? ደጋን ያልነካው ጥጥ ላይ እንደምትተኚ አውቃለሁ። የሱን ነድፌ ባዶ አደረግኩት፣ የኔን ሳልነድፍ ከላይ አደረግኩበት። በአፌ አልወጣ ሲለኝ በዚያ ልንገርሽ ብዬ ነው። ንገራቸው ብትይኝ፣ ወይ ራስሽ ሄደሽ ብትነግሪብኝ፣ በገላገልሽኝ ነበር። አንቺም ዝም አልሽ። እኔም ከዚያ በኋላ ድፍረቱን አጣሁ።»

አባት ልጁ ታያለች ብሎ ይጠብቃል፣ ልጅ ያየችውን ለፍቅረኛዋ ሰጥታ ታለቅሳለች፣ መቃ ደግሞ በሽቦ ውስጥ ሆኖ ምሳ ዕቃ የያዘች ሴት ትመጣ እንደሆነ በሩን ያያል። እንዲህ ያለ ነገር አንጀት ይበላል።

ሸለብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። አልተቆጣችም፣ አላቀፈቻቸውም። ኮቱን ጉልበታቸው ላይ አደረገችው። እሳቸው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካኩ፤ አንዱ ላልቶ ነበር፣ ክሩን ጥምዝዝ አድርገው አጠበቁት።

«እንሂድ» አለች።

«ፊቴን ልታጠብ» አሉ ጋሼ። ታጠቡ፣ ከልብሳቸው ላይ ጥጥ አራገፉ፣ የሰዓት ሠሪውን ዝግ ሱቅ ሲያልፉ ቆም አሉ፣ ከዚያ በእግራቸው ሄደው ተናገሩ። እሷ እስከ በሩ ድረስ ክንዳቸውን ይዛ ነበር።

መቃ ተፈታ። ተቃቅፈው ተላቀሱ ብላችሁ እንድትጠብቁ አልፈልግም። ጣቢያው በር ላይ እየጠበቀችው ነበር፣ እሱም አያት፣ ከስቶ ይበልጥ ረዝሟል።

«ህልሙን አየሁ፣ ያንተ መሰለኝ» አለችው፤ ሁሉን ነገረችው።

«እሺ፣ መሰለሽ» አለ። «መጥተሽ አትጠይቂኝም ነበር?»

«አዎ እንዳትለኝ ፈራሁ።»

«እኔ እኮ የታመምሽ መስሎኝ በየቀኑ ስጨነቅ ነበር» አለና ስለ ገመዱ እንኳ ሳይጠይቅ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ወደ እኛ አልመጣም። ሸለብታ አልተከተለችውም። «መብቱ ነው» ብቻ አለችኝ።

አሁን ደጋኑን የምትመታው እሷ ናት። አጭር ስለሆነች ሳጥን ላይ ቆማ ነው። ሰው እየሳቀ ይገባል፣ ድምፁን ሲሰማ ግን ዝም ብሎ ይቆማል። ጋሼ ተፈረደባቸው፤ ራሳቸው መጥተው ስለተናገሩና ሆን ብለው ስላልገደሉ ቀለል አለላቸው። ቀለል ያለው ፍርድ እንኳ ለሳቸው ዕድሜ ረጅም ነው። ከቤት ፍራሽ ወደ እስር ቤት ማስገባት እንደሚፈቀድ ሲነገረን ሸለብታ መቀሷን አንስታ የራሷን አልጋ ተረተረች።

ጥጡን አወጣች። ቋጠሮውን ፈታች። ደጋኑን ግን አልነካችም።

«ሳይነደፍ?» አልኳት።

«ሳይነደፍ።»

«እሳቸው እኮ እንዳንቺ አያዩም።»

«አላውቅም። ካየ ግን ጥሩ ነገር ይየው ብዬ ነው። ሰሞኑን በየቀኑ አንድ ነገር ነው የማልመው፤ ትከሻው ላይ ነኝ፣ ኮቱን ለብሻለሁ፣ እንሮጣለን። እሳት የለም፣ ጣሪያም የለም።»

ሰማያዊ ሰረዝ ባለው ጨርቅ ሰፍቼ አለበስኩት። ስወጋው እንባዬ መርፌውን ጋረደብኝና ጣቴን ወጋሁ፣ ራሴን ሰደብኩ። ተሸክመን ከበር ስናወጣው መንገዱ ዳር ጋሪ ቆሟል። መቃ ነው። እናቱ ነግረውት ይሁን እኔ ለእናቱ ነግሬ ይሁን አትጠይቁኝ።

ፍራሹን ከእጃችን ወስዶ ጋሪው ላይ አደረገው፣ በመዳፉ ጫን ጫን አለው። «ወፍራም ነው» አለ። «ይደላቸዋል።»

ሸለብታ ቆማ ታየዋለች። ከምሳ በኋላ ነበር፣ ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች፣ በዚህ ሰዓት ድሮ ቢሆን ቆማ ታንቀላፋ ነበር። ቅንድቧ ላይ ጥጥ ነበረባት። መቃ አየው፣ እጁን ሰነዘረ፣ መሃል ላይ አቆመው።

«ልተወው?» አላት።

«አንሳው» አለችው።

አነሳው። ከዚያ ፖሊስ የመለሰልንን ያን ገመድ ከቤት ውስጥ አምጥታ ሰጠችው፣ እሱም ፍራሹ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ጠበቅ አድርጎ አሰረው።